ቤት ለቤት የስፖርት አሰልጣኝነት፦ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይጀመራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት መሥራት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ጊዜ ያለው ግን ጥቂት ነው። 2፡30 ቢሮ ለመድረስ 1 ሰዓት ሳይሞላ ከቤቱ ይወጣል። ማታ ታክሲ ተሰልፎ፣ መንገድ ተዘጋግቶበት 2 ሰዓት ላይ ይገባል። እንዲህ የሚውል ሰው ጂም ከፍሎ ሁለት ሳምንት ይመላለስና ይቀራል። ስንፍና አትበሉት፤ መንገዱ ነው ያደከመው። ቤቱ ድረስ የሚመጣለት አሰልጣኝ ካገኘ ግን ይከፍላል፣ ይሠራልም።

ችግሩ፣ ያ መንገድ የትም አይጠፋም። ከደንበኛው ላይ ወርዶ እናንተ ላይ ይጫናል። ይህን ሥራ የሚያዋጣውም የሚያከስረውም በቀን ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደምታሳልፉ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያ በፊት፣ ከቲክቶክ ቪዲዮም በፊት ካርታ እናውጣ።

1. መጀመሪያ ሰፈር ምረጡ

አንዱ ደንበኛ አያት፣ ሌላው ጀሞ፣ ሦስተኛው ሳር ቤት ከሆነ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሆናችሁ ትውላላችሁ። የምትኖሩበትን ሰፈር፣ ወይም በእግር 15 ደቂቃ የሚደረስበትን አካባቢ ያዙ። ኮንዶሚኒየም አጠገብ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። ሰሚት፣ ጀሞ፣ ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ ላይ ከብሎክ ወደ ብሎክ መሄጃው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ቤተሰቡም ብዙ ነው። ቦሌ ወይም ሲኤምሲ አፓርታማ ያለ ደንበኛ የበለጠ ሊከፍል ይችላል። ግን ከጀሞ ተነስታችሁ ሲኤምሲ ደርሳችሁ ስትመለሱ ትርፉን ራይድ ይበላዋል።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ቢሮ የሚውል ሰው የሚገኘው፣ እንደ ቢሮው ርቀት፣ ማለዳ ከ11 እስከ 2፣ ማታ ደግሞ ከ12፡30 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ልምምድ 45 ደቂቃ ይፍጅ እንበል። ደንበኞቹ አንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ ማለዳ በ11፣ በ12 እና በ1 ሰዓት ሦስት ሰው ታሠራላችሁ። በተለያየ ሰፈር ከሆኑ በዚያው ሰዓት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። ጉልበቱም እውቀቱም ያው ሆኖ የማለዳው ገቢ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይለያያል።

እኩለ ቀኑ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች፣ ሐኪም "እንቅስቃሴ አድርጉ" ያላቸው ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሸኙ እናቶች፣ ቤት ሆነው በኢንተርኔት የሚሠሩ ወጣቶች ከ4 እስከ 9 ሰዓት ይገኛሉ። እኔ ብጠየቅ ጀማሪ አሰልጣኝ ከእነዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ። አይቸኩሉም፤ እናንተም ሌላ ደንበኛ እያያችሁ ሰዓት አትቆጥሩም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደንበኞች ከየትም ቢመጡ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከካርታው ውጭ የሚመጣውን ወይ የመንገድ ጨምሩበት፣ ወይ እዚያ ሰፈር ላለ ሌላ አሰልጣኝ አስተላልፉት። እሱም አንድ ቀን ብድሩን ይመልሳል።

2. እውቀቱና የመጀመሪያ ርዳታው

የራስን ደረት ማሳበጥ ሌላ፣ የ58 ዓመት እናትን ጉልበታቸውን ሳይጎዱ ማሠራት ሌላ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ኮተቤም ስፖርት ሳይንስ ያስተምራሉ። ዲግሪ ከሌላችሁ እንደ ኤንኤኤስኤም እና ኤሲኢ ያሉ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬቶች በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ክፍያቸው በዶላር መሆኑ ነው የእኛ ፈተና። ውጭ ያለ ዘመድ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያው ጂም ገብቶ ከጎበዝ አሰልጣኝ ሥር መሥራት ብዙ ያስተምራል።

የማይታለፈው ግን የመጀመሪያ ርዳታ ስልጠና ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። ልብ ሲቆም ደረት እንዴት እንደሚጫን፣ ሰው ራሱን ሲስት ምን እንደሚደረግ በገዛ እጃችሁ ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስን፣ 939 የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋን መዝግቡ። የእያንዳንዱን ደንበኛ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ የአንድ የቅርብ ዘመድ ስልክም ያዙ። አምቡላንስ ጠርቶ "ጀሞ ነን" ማለት የትም አያደርስም።

3. ፈቃድና ግብር

ፋይዳ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ምዝገባውን በኢትሬድ ድረ ገጽ መጀመር ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሥራው በየትኛው የፈቃድ መደብ እንደሚገባ፣ ሱቅ ለሌለው ሥራ አድራሻው እንዴት እንደሚመዘገብ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከሐምሌ ጀምሮ ግብር መክፈልና ፈቃድ ማደስ አለ፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ለግብር የሚሆን ትንሽ ለብቻ አስቀምጡ።

"ለሁለት ደንበኛ ፈቃድ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን የሚያሠራላቸው ሰው ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ የሌለው ያን ሥራ አያገኝም።

4. ቦርሳው

ቦርሳው ከ7 ኪሎ በላይ ከሆነ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትደርሱ ራሳችሁ ደንበኛ ትሆናላችሁ። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም በቀን አምስት ጊዜ እንደሚወጣ አትርሱ። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ጥንካሬያቸው የተለያየ ሦስት የልምምድ ላስቲኮች፣ አንድ ምንጣፍ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ፎጣ፣ ደብተር። ንጹሕ ካልሲም ጨምሩ። ብዙ ቤት ጫማ ይወለቃል፤ የተቀደደ ካልሲ ያደረገ አሰልጣኝ ደግሞ ቢናገርም አይደመጥም።

ላስቲክና ምንጣፍ ስታዲየም አካባቢ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች ወይም መርካቶ ይገኛል። ላስቲኩን ከመግዛታችሁ በፊት ለጥጣችሁ እዩት። ጥቃቅን ስንጥቅ ካለው ተዉት፤ በልምምድ መሃል ተበጥሶ ዓይን ይመታል። በር ላይ የሚታሰር ከሆነ በሩ ተቆልፎ፣ ስባችሁ ስትለጥጡት በሩን በሚዘጋው አቅጣጫ መሆን አለበት።

ዳምቤል አትሸከሙ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እጀታም አለው። ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሞላ 2 ኪሎ ገደማ ነው። እነዚህ የሌሉበት ቤት የለም። ደንበኛው ሦስት ወር ከቆየና ክብደቱ ካነሰው ያኔ ራሱ ዳምቤል ይግዛ።

5. የመጀመሪያው ቀን ላብ የለም

የመጀመሪያው ቀን የጥያቄና የልኬት ቀን ነው። ደረቱን ያመው እንደሆነ፣ ሲንቀሳቀስ ያዞረው እንደሆነ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የቆየ ስብራት ወይም ቀዶ ጥገና፣ ለሴቶች እርግዝና ወይም በቅርቡ የተደረገ ወሊድ። መልሱን ጻፉ፣ ደንበኛው ይፈርምበት። ደረት ሕመም ወይም ራስ መሳት ያለበት ሰው ከሐኪም ወረቀት ሳያመጣ አይጀምርም። ብር ያስቀራል ብላችሁ ይህን አትዝለሉት።

ደም ግፊቱን አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ለኩ። በተለያየ ቀን ተለክቶ ከ140 በ90 የሚበልጥ ከሆነ ሐኪም ይየው። 180 በ110 ከደረሰ ያን ቀን ልምምድ የለም። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው ሌላ ሕመም ይዞት ሲታከም ነው፤ እናንተ በመለኪያችሁ ቀድማችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። ኢንሱሊን የሚወስድ ደንበኛ ከልምምድ በፊት ስኳሩን ይለካ፤ ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይብላ። ቦርሳችሁ ውስጥ ጁስ ወይም ከረሜላ አይጥፋ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና መደናገር ካያችሁ ልምምዱን አቁማችሁ ስኳር ስጡት።

ከዚያ ሦስት ቀላል ፈተና፦ በ30 ሰከንድ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነስቶ ይቀመጣል፣ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ተደግፎ ስንት ፑሽአፕ ይሠራል፣ የወገቡ ዙሪያ በእምብርት ትይዩ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ሚዛን ባይንቀሳቀስም እነዚህ ቁጥሮች ይንቀሳቀሳሉ፤ ደንበኛው እንዲቀጥል የሚያደርገውም ይህን ማየቱ ነው።

"ቦርጬን አጥፋልኝ" ይሏችኋል፤ አብዛኞቹ ይህንኑ ነው የሚሉት። እውነቱን ንገሯቸው። የሆድ ልምምድ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ምግብ፣ እንቅልፍና ሙሉ ሰውነትን የሚያሠራ ልምምድ አብረው ናቸው የሚያወርዱት። "በ30 ቀን ቦርጭ ቻው" ብሎ የሚለጥፈውን አሰልጣኝ አትከተሉ። ደንበኛው በ31ኛው ቀን ይጠይቃችኋል።

6. አንድ ልምምድ ምን ይመስላል?

የ42 ዓመት የባንክ ሠራተኛ እንውሰድ። ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሐኪም አይቶት እንቅስቃሴ ፈቅዶለታል። በሳምንት ሁለት ቀን ትገናኛላችሁ።

ሰባት ደቂቃ ማሟሟቅ፦ በቦታው መራመድ፣ ትከሻና ዳሌ ማዞር፣ እጅን ግድግዳ ላይ ማንሸራተት። ቀጥሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ። ላስቲክ በሁለት እጅ ወደ ራስ መሳብ 12 ጊዜ። ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽአፕ 8 ጊዜ። ጀሪካን ከመሬት ማንሳት 10 ጊዜ። ጀሪካኑ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ከዳሌው መታጠፍን ከተማረ ወገቡን ያሳመመው ከቢሮ ወንበር ውጭ ሌላም ነገር እንደነበር ይገባዋል። ይህን ሁሉ ሦስት ዙር። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ይዞ ኮሪደሩን ጫፍ እስከ ጫፍ መራመድ፣ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥቶ መውረድ፣ አጭር ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ ጡንቻ ማሳሳብ።

ጥንካሬውን በንግግር ለኩ። እየሠራ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ ካቋረጠው ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ወር ከመካከለኛ አትለፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። ሁለቱ ቀን የእናንተ ነው። ቀሪውን በእግሩ ይሙላው፤ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ እሑድ በአዲሱ የኮሪደር መንገድ መራመድ። የቤት ሥራ ስጡትና በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቁት።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሁለት ነገር አለ። ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ መዝለል የለም፤ የታችኛው ጎረቤት ለኮሚቴ ይከሳችኋል፣ ልክም ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠይቃችሁ ላብ የሚያወጣውን ልምምድ በዚያ ቀን አድርጉት። ላቡን ይዞ ቢሮ የሚገባ ደንበኛ ብዙ አይቆይም።

7. ዋጋና አከፋፈል

ዋጋ ስታወጡ የጂም ወርሃዊ ክፍያን አትዩ። እንዲህ ቁጠሩ፦ የልምምዱ ሰዓት፣ የመንገድ ሰዓት፣ ትራንስፖርት፣ የዕቃ መተኪያ፣ ግብር። በወር ሊቀራችሁ የሚገባውን ገንዘብ በእውነት ልታሠሩት በምትችሉት የልምምድ ቁጥር አካፍሉት። በእውነት የምትችሉት ቁጥር በበዓል፣ በሕመምና በዝናብ የሚቀረውን ቀንሶ ነው። የወጣው ዋጋ ሰፈራችሁ ከሚከፍለው በላይ ከሆነ ዋጋውን ከመቀነሳችሁ በፊት ሁለት ሰው አብራችሁ አሠሩ። ባልና ሚስት፣ ወይም ሁለት ጎረቤታሞች። የአንድ ሰው 600 ብር ቢሆን ለሁለቱ 900 አድርጉት፤ ለእያንዳንዳቸው 450 ይደርሳል፣ እናንተም በአንድ መንገድ የአንድ ተኩል ሰው ታገኛላችሁ። ሁለት ሰው ሲሆን ቀጠሮም አይቀርም፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ክፍያ በቅድሚያ፣ በ8 ወይም በ12 ልምምድ ጥቅል ይሁን። እዚህ ላይ ይሉኝታ ያስቸግራል። ቡና አፍልታ የተቀበለችን ሰው "ሒሳቡ አልቋል" ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አፋችሁ ሳይሆን ወረቀቱ ይናገር። አንድ ገጽ ስምምነት፦ ስንት ልምምድ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ሊደርስ ቢያንስ 12 ሰዓት ሲቀረው ያልተሰረዘ ቀጠሮ እንደተሠራ ይቆጠራል፣ እናንተ ከቀራችሁ አንድ ነፃ ትጨምራላችሁ። ጥቅሉ ሁለት ሲቀረው በቴሌግራም አስታውሱ። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክ የደንበኛውን ስክሪንሾት አትመኑ፤ የራሳችሁ ስልክ ላይ መልእክቱ ሲገባ ነው የተከፈለው።

8. ሰው ቤት መግባት

የጂም አሰልጣኝ የማያውቀው የሥራው ግማሽ ይህ ነው። ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል፤ እናትየው "አንቺ በይኝ" እስኪሉ ድረስ እትዬ ናቸው። አሠራሩን ለማስተካከል ከመንካታችሁ በፊት "ትከሻዎን ልያዝ?" በሉ፣ ሁልጊዜም። የሚቻለውን በቃልና ራሳችሁ ሠርታችሁ በማሳየት አስረዱ።

ብዙ ሴት ደንበኞች ሴት አሰልጣኝ ይፈልጋሉ፤ በሃይማኖት፣ በባል፣ ወይም በራሳቸው ምቾት ምክንያት። ለሴት አሰልጣኞች ሰፊ ገበያ ነው። ጥንቃቄው ግን አብሮ ይምጣ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግቢው ሜዳ ላይ ወይም ካፌ ይሁን። የምትሄዱበትን ቤት ለአንድ ሰው ንገሩ፣ በቴሌግራም አድራሻችሁን አጋሩ። ደስ ያላላችሁን ቤት ያለ ማብራሪያ መተው ይቻላል። ወንድ አሰልጣኝም ሴት ደንበኛ ብቻዋን ባለችበት ቤት በሩን ገርበብ ማድረግ ወይም ልምምዱን በረንዳ ላይ ማድረግ አይከብደው።

ቡና ይቀርባል። በመጀመሪያው ቀን ጠጡ፤ ከዚያ በኋላ "የሚቀጥለው ሰው እየጠበቀኝ ነው" በሉ። ሦስት ቤት ሦስት ሦስት ሲኒ ከጠጣችሁ ማታው ይጠፋል። ደግሞም በአንዱ ቤት ያያችሁትን በሌላው ቤት አታውሩ። አንድ ግቢ ውስጥ ወሬ ከእናንተ ቀድሞ ደረጃ ይወጣል።

9. ደንበኛ ከየት ይመጣል?

ከደንበኛ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች በደንብ ያዙ፤ ጎረቤት ያያል፣ ይጠይቃል። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ኮሚቴውን አስፈቅዳችሁ አጭር መልእክት ለጥፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ በየትኛው ሰዓት እንደምትገኙ፣ ስልክ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሜዳ ላይ አንድ ነፃ የጋራ ልምምድ አዘጋጁ። ቲክቶክ ተመልካች ያመጣል፤ ተመልካቹ ግን ሐዋሳ ሊሆን ይችላል። የደንበኛን ፎቶ ያለ ፈቃዱ የትም አትለጥፉ።

10. የዓመቱ መልክ

ይህ ከተማ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይሠራም። መስከረም ላይ አዲስ ዓመት ብሎ የሚነሳ ሰው ይበዛል። ከጥር ሠርግ በፊት ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድመው እንዲጀምሩ ንገሯቸው።

55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙዎች ማቆም ያምራቸዋል። አታስቁሟቸው፤ ቀንሱላቸው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ማለዳ ቀለል ያለ ልምምድ ይሥራ፣ ወይም በልቶ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይሁን። ምግቡ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በርከት ይበል፤ ቂጣና ድንች ብቻ በልቶ ጡንቻ አይገነባም። ረመዳን የሚጾም ደንበኛን ከኢፍጣር በኋላ ማሠራት ይሻላል፤ ውሃ ሳይጠጣ የዋለን ሰው ላብ በላብ አታድርጉት።

ክረምት ሲገባ ሜዳውን ትተው ቤት የሚሠሩ ስለሚበዙ ለእናንተ ጥሩ ነው። ዲያስፖራውም ለእረፍት ይመጣል። እሱ ግን ከዝቅተኛ ቦታ መጥቶ በ2,300 ሜትር ላይ ነው የሚተነፍሰው። የመጀመሪያውን ሳምንት አቅልሉለት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው እንጦጦ በሁለተኛው ቀን ይዛችሁት አትውጡ። ነሐሴ ላይ ለደንበኞቻችሁ ሁሉ አንድ ግብ ስጡ፦ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ የሚካሄደው 10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ። ሦስት ወር ለጀማሪ ይበቃል። ጾምና በዓል ሲያልፍ የሚጠፋውን ደንበኛ የሚይዘው እንዲህ ያለ ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው።

11. ሰዓቱ ሲሞላ

ማለዳውና ማታው ሞልቶ ተጠባባቂ ስም መመዝገብ ከጀመራችሁ ሁለተኛ ሰፈር አትክፈቱ። በዚያው ግቢ ሌላ አሰልጣኝ ጨምሩ፤ እናንተ ወንድ ከሆናችሁ ሴት፣ ሴት ከሆናችሁ ወንድ። ሴት ናት እንበል፤ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከእናንተ ጋር ትግባ፣ ደንበኛው ይልመዳት። ክፍያው በእናንተ በኩል ይምጣ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ የእሷ ድርሻ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ በየሳምንቱም ይከፈላት። የምትታመሙበትና ለቅሶ የምትቀመጡበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የ12 ሰዓቱን ደንበኛ በር የምታንኳኳው እሷ ናት።